በአንድ ዓይን የጠለፍኩህ

ይድረስ ለአንተነህ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት፤ አንተ ዘንድ መሰንበት ምን እንደሆነ አላውቅም። እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ሁለተኛው ጥምቀት አለፈ። ማሕሌት በአንተ ትከሻ ላይ ሆና ታየው የነበረውን ታቦት ዘንድሮ የሰው አጥር ግንብ ላይ ወጥታ አየችው። ውረጂ ብላት እምቢ አለችኝ። ግትርነቷ የማን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

ይህን የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ አስነስቶኝ አይደለም። አጥፍቼብሃለሁ። እናትህ በጸሎታቸው መሃል ነገሩን ሳያነሱልህ አይቀሩም፤ ቢሆንም ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። እሳቸው ሲነግሩህ ለእኔ አድልተው ነው የሚነግሩህ፣ አውቃቸዋለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጀልባህን የአጎትህ ልጅ ይነዳዋል። ቀለሙን እንዳይቀይር አስምዬዋለሁ፤ እስካሁን ቃሉን ጠብቋል። ዘይቱኑ ዘንድሮ አፈራ፤ የሰፈሩ ልጆች ገና ጥሬውን ጨረሱት። አንተ ብትኖር ታባርራቸው ነበር፤ እኔ ጫጫታቸው ደስ ስለሚለኝ እንዳላየ አልፋቸዋለሁ። የበሩ መቀርቀሪያ አሁንም ጣት ይነክሳል። ፋብሪካ ፈረቃዬ ጧት ስለሆነ ከሰዓት እቤት ነኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ማሕሌት ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ቤቱ ጭር ይላል፣ እጄም ሥራ ይፈታል።

ስለዚህ ከፋብሪካው የሚጣለውን ቁርጥራጭ ክር እያስፈቀድኩ አመጣሁና አቡጀዲ ላይ አንተን መጥለፍ ጀመርኩ። አዎ፣ ሳቅ። በእናንተ አገር ድሮ ወንድ ነበር ሴት የሚጠልፈው። እኔ ደግሞ ከአዳማ ድረስ መጥቼ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ፣ በመርፌ ጠለፍኩህ።

ከጎንህ ነው የጠለፍኩህ። ሌላ መልክ እንዳለህም አላሰብኩም። ልትጠይቀኝ የመጣኸውን ጊዜ ትተን፣ አብረን የኖርነውን ስቆጥር ሁልጊዜ ጎንህ ነኝ። እሁድ እሁድ እናትህን ለማየት ወደ ደቅ ደሴት ስንሄድ አንተ ጀልባው ኋላ ላይ የሞተሩን እጀታ ይዘህ ትቀመጣለህ፤ እኔ በቀኝህ ባለችው አግዳሚ ላይ። ዓይንህ ከውኃው ላይ አይነሳም። የሚንሳፈፍ ግንድ ይኖራል፣ የዓሣ መረብ ይኖራል፣ ከደንገል የተሠራች ታንኳ የያዘ ሰው ድንገት ከፊትህ ይመጣል። አንተ ውኃውን ታያለህ፣ እኔ አንተን አያለሁ። የሞተሩና የነፋሱ ድምፅ ስለማያሰማ አናወራም። ያን ግንባርህን፣ አፍንጫህ መሃሉ ላይ ጎበጥ የሚልባትን፣ ስታስብ የምትነክሰውን የታችኛውን ከንፈርህን በጣቴ ካልነካሁት በቀር ከዚያ በላይ ላውቀው አልችልም ነበር። ፊት ለፊት የተያየነው ስንጣላ ነው።

ጥልፉ ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ማሕሌት አየችውና፣ አባዬ ጀልባ እየነዳ ነው አለች። ጀልባም ውኃም አልጠለፍኩም ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ልነግርህ አልችልም።

ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራ አንዲት የደልጊ ልጅ አለች። ቤት መጥታ አየችውና አልለቅሽም አለች። አገሯ ላይ ወጣቶቹ በየዓመቱ የጥበብ ፌስቲቫል ያዘጋጃሉ፤ የሐይቁ ዳር ሰው የእጅ ሥራውን ይዞ ይመጣል፤ አንቺም የሐይቁ ዳር ምራት ነሽ፣ ይህን ይዘሽ ካልመጣሽ አለችኝ። የአንተን አገር ሰው ታውቃለህ፣ እምቢ ማለት አይቻልም። እኔም እምቢ ማለት አልፈለግኩም። ለአጎትህ ለመሪጌታ ስልክ ደውዬ እናትህን አገናኙኝ አልኳቸው። ልጅዎን አይተው የሚደሰቱበት ነገር አለ፣ ደልጊ ድረስ ይምጡልኝ አልኩ። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እንዲደነቁልኝ ፈልጌ ነው። እኔው ነኝ የጠራኋቸው፣ ይህን አደራ ልብ በልልኝ።

ማሕሌትን ጎረቤት ትቼ በትልቁ መርከብ ሐይቁን ተሻገርኩ። መርከቡ ደቅ ሲደርስ እንኳን አልወረድኩም፤ ጥልፉን ጠቅልዬ ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ፌስቲቫል ይሉታል እንጂ የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ የላስቲክ ወንበር ከየሻይ ቤቱ ተለቅሟል። መድረክ መሪው ሁሉንም ነገር ድንቅ፣ ድንቅ እያለ ገና በጧቱ ቃሉ አለቀበት። በተማሪዎቹ ድራማ ሽማግሌ የሆነው ልጅ ጺሙ ቢወድቅበት በእጁ ይዞት እስከ መጨረሻው መከረ። ጄኔሬተሩ ዘፈን መሃል ላይ ቀጥ ሲል ዘፋኟ ያለ ማይክ ቀጠለች፤ እንደውም ያኔ ነው የተሰማችው። አንዲት ፍየል የእጅ ሥራው ክፍል ገብታ ለውድድር ከቀረበ ሙዳይ ላይ ግማሹን ሰንደዶ በላች። አንተ ብታይ ለአንድ ወር የምታወራው ነገር አገኘህ ማለት ነው። እኔም ሳቅኩ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ያንተን ጥልፍ መማሪያ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቀሉት። ከጀርባህ ጥቁር ሲሆን የበለጠ ጎላህ። ሰው ይመጣል፣ ይቆማል፣ ጠጋ ብሎ ክሩን ያያል። ሠዓሊ ነሽ ወይ የሚለኝ አለ። አፍንጫውን በምን ክር ነው የሠራሽው የምትል አለች። እኔ አጠገብህ ቆሜ፣ ባለቤቴ ነው፣ ጀልባ ነጂ ነበር እላለሁ። ደጋግሜ ማለት ደስ አለኝ።

እናትህ ከቀትር በኋላ ደረሱ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ያቺን የበዓል ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከመሪጌታና ከደቅ ሴቶች ጋር። በሩ ላይ ሲያዩኝ፣ ዓለሜ ብለው ሳሙኝ። ምራታቸው ሆኜ ስገባ ያወጡልኝ ስም እንደሆነ ታውቃለህ፤ በመዝገብ ስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። እጃቸውን ይዤ ሰሌዳው ዘንድ ወሰድኳቸው።

አዩህ። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። እናትህ ከትከሻቸው ነጠላውን ቀስ ብለው አወረዱና አንተ ላይ ጣል አደረጉት፤ ሰው እንደሚሸፍን። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ደክሞኛል ሰናይት፣ ልረፍ አሉና ወጡ። ሰናይት አሉኝ፣ አንተነህ።

እኔ የመሰለኝ ሐዘኑ ተቀስቅሶባቸው ነው። ነጠላውን አንስቼ አጣጠፍኩት። መሪጌታ ነበሩ ወደ ኋላ የቀሩት። አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ ልጄ፣ በአንድ ዓይን ለምን ሠራሽው አሉኝ። አልገባኝም። ከጎን ስለሆነ አንዱ ነው የሚታየው አልኩ። ያኔ በቀስታ አስረዱኝ። በቤተ ክርስቲያናችሁ ግድግዳ ላይ ሠዓሊዎቹ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ፊቱን ወደ ሰው አድርገው ነው የሚሥሉት። በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን የሚታየው ኃጥእ ነው። ይሁዳ እንደዚያ ነው። ጌታን የሚገርፉት እንደዚያ ናቸው። ሰይጣንም እንደዚያው።

እኔ ደግሞ ያን ግድግዳ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ጫማዬን አውልቄ፣ አንገቴን ሰቅዬ፣ ቀለሙ እንዴት ያምራል ስል አንተ አጠገቤ ቆመህ ትስቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም። ለአንተ እንደ ፊደል ስለሆነ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስልህም። በዚህ ትንሽ ተቀይሜሃለሁ፣ ግን ጥፋቱን ወደ አንተ ለማዞር አይደለም።

ምክንያቱም ጥፋቴ አለማወቄ አይደለም። ጥፋቴ ካወቅኩ በኋላ ያደረግኩት ነው። መሪጌታን ተቆጣኋቸው። ይሄ እኮ ጥልፍ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም፣ ባሌን እንዳየሁት ሠራሁት ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩባቸው። ሰው ዞሮ አየን። እሳቸው አልተቆጡም። ልክ ነሽ፣ ግን የደቅ ሰው የሰው ፊት ማንበብ የተማረው ከዚያ ግድግዳ ነው፣ እዚህ ሰቅለሽው የሚያየው ሁሉ ባሏ ክፉ ኑሯል ብሎ ነው የሚሄደው አሉኝ። አውርጂው ግን አላሉኝም። ለእኔ ተዉልኝ።

አላወረድኩትም። ሰው እያደነቀልኝ ነበራ። ፋብሪካ ውስጥ የምታውቀው ሥራዬ ነው፤ ጨርቅ በእጄ ያልፋል፣ የእኔ ብሎ የሚያየው የለም። እዚያ ግን ስሜ በወረቀት ተጽፎ ከሥርህ ተለጥፏል። አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ ይዋል አልኩ። በማግስቱ የደቅ ሴቶች በመስኮቱ በኩል እያዩ ነፍሱን ይማር እያሉ ሲያልፉ ሰማሁ። እንደ ሌላው ጊዜ አላሉትም። የፈሩለት ሰው እንደሚባለው ነው ያሉት። ሰምቼ እንዳልሰማ ቆምኩ። እናትህ ያን ቀን ከዘመድ ቤት አልወጡም። ማታ ላይ መድረክ ተጠርቼ ጋቢ አለበሱኝ። ጭብጨባው ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። አንተ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከይሁዳ ጋር ተሰልፈህ እኔ ጋቢ ለበስኩ።

ጋቢውን እንደለበስኩ እናትህ ወዳረፉበት ቤት ሄድኩ። ይወቅሱኛል፣ እኔም እመልሳለሁ ብዬ ቃል እያዘጋጀሁ ነው የሄድኩት። ስገባ ብድግ አሉ። በዚያ ጉልበታቸው ማለቴ ነው። አንድ ድንጋይ ከሥራቸው አነሱ፤ ከሐይቁ ዳር ያመጡት፣ ገና ጭቃው አልደረቀም። ጫንቃቸው ላይ አደረጉትና እግሬ ሥር ጎንበስ አሉ።

ምን አድርጎሽ ኑሯል ልጄ አሉኝ። እኔ ደግ ልጅ ያሳደግሁ መስሎኝ ኑሯል። መታሽ? ሌላ ሴት ነበረችው? ደብቀሽኝ፣ ችለሽ፣ ቀብረሽልኝ፣ አሁን ቢብስብሽ በአደባባይ ነገርሽኝ። አልቀየምሽም። በእሱ ፋንታ እኔ ልካስሽ፣ ይቅር በይው፣ ይቅር ያልተባለ ሙት አያርፍም አሉኝ።

አንተነህ፣ እናትህ አልወቀሱኝም። አመኑኝ። የገዛ ልጃቸውን ከማመን ይልቅ መርፌዬን አመኑ። አንተ ጣትህን አንስተህብኝ የማታውቀው ሰው፣ ማሕሌትን ስወልድ ሆስፒታል በር ላይ ቆመህ ያደርከው ሰው፣ ባልሠራኸው ኃጢአት እናትህ ድንጋይ ተሸከሙልህ። ድንጋዩን ከጫንቃቸው ነጥቄ ወረወርኩትና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ምንም አላደረገኝም እያልኩ አለቀስኩ። ባለቀስኩ ቁጥር የሸፈንኩልህ እየመሰላቸው፣ ሽፋፍነሽ አትንገሪኝ፣ ቻልሁት፣ ንገሪኝ ይሉኛል። ስለ ጀልባው ብነግራቸው፣ ስለ አግዳሚዋ ብነግራቸው አልገባቸውም። እሳቸው ጀልባ ላይ ሁልጊዜ ፊት ነው የሚቀመጡት፣ ለነፋሱ ተሸፋፍነው። ነጂውን አይተው አያውቁም።

ጧት የአጎትህ ልጅ ወደ ደቅ ሊመልሳቸው በአንተው ጀልባ መጣ። ጥልፉን አውርጄ ጠቅልዬ ያዝኩ። እናትህን ፊት አላስቀመጥኳቸውም፤ እጃቸውን ይዤ ወደ ኋላ ወሰድኳቸውና በእኔ ቦታ፣ በቀኝ ባለችው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከደልጊ ራቅ ስንል፣ አሁን የሚነዳውን ልጅ ይዩት አልኳቸው። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አዩት። ዓይኑ ውኃው ላይ ነው። ከንፈሩን ነክሷል፤ ዘር ነው መሰለኝ። አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠግተው፣ እንዲህ ነበር አሉኝ። እንዲህ ነበር አልኳቸው። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ። ያኔ ትንሽ ፈገግ ብለው፣ ምን ቢኮራ አንድ ቀን ዞሮ አያይሽም ኑሯል እንዴ አሉ። ሳቄና ዕንባዬ ተቀላቀለ።

ደቅ ስንደርስ ግን፣ እኔ አመንሁሽ፣ አገሩን ሁሉ ግን እዚያች አግዳሚ ላይ አስቀምጠሽ አታሳዪውም አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ፣ ማሕሌትንም ጎረቤት እንዲያቆይልኝ ደውዬ፣ እናትህ ዘንድ ሰነበትኩ። ፊትህን ተረተርኩት። አፍንጫህን ክር በክር አወጣሁት። ከንፈርህን፣ ግንባርህን። ክሩን መጣል አቃተኝና በመሐረብ ቋጠርኩት። አንድ ጊዜ ቀብሬህ አልበቃ ብሎኝ በእጄ እያጠፋሁህ መሰለኝ። ጨርቁ ላይ ፀጉርህ፣ ጆሮህና ቀኝ ዓይንህ ብቻ ቀሩ።

ከዚያ ፊት ለፊት ልሠራህ ስል የለህም፤ ፎቶህም ቤት ነው የቀረው። ዓይኔን ብጨፍን የሚመጣልኝ የተቆጣኸው ነው፤ ስንጣላ ቅንድብህን የምትሰበስበው። እሱን ልስቀለው? ሁለት ቀን መርፌ ይዤ ተቀመጥኩ። እናትህ ጥጥ እየፈተሉ ያዩኛል። በሦስተኛው ቀን እንዝርታቸውን አስቀመጡና በርጩማቸውን ጎትተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። የኔን ውሰጂ፣ እሱም ከዚሁ ነው የወሰደው አሉኝ።

እናትህን ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። አክብሮት ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነው የኖርኩት። ግራ ዓይናቸው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። ያንተም እንደዚያ ነበር! ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ዘመም ብዬ ወጣሁ የምትለው በዚያ ነው። አወቅኩህ። ቀኝ ዓይንህ እኔ የማውቀው ሆኖ ቀረ፣ ግራህን ከእናትህ ወሰድኩ።

ሲያልቅ በሩ ላይ ይዤ አሳየኋቸው። ቀረብ ብለው በጣታቸው ዓይኖችህን አንድ በአንድ ነኩና፣ አንተነህ አሉ። ስምህን ጠሩ ይሁን፣ አንተ ነህ ብለው አረጋገጡ ይሁን አላወቅኩም፤ አልጠየቅኩም። ቀጥለው፣ ዓለሜ፣ በይ መጋረጃው አጠገብ ስቀይልኝ አሉ። ዓለሜ ሲሉኝ ያ የተሸለምኩት ጋቢ ትዝ አለኝ። አውጥቼ እሳቸው ላይ ደረብኩት፤ እኔ ላይ እንደማይሞቀኝ አውቄዋለሁ። የደቅ ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ አዩህ። ነፍሱን ይማር አሉ፣ እንደ በፊቱ።

በጥምቀቱ ማግስት እናትህን ልይ ብዬ ሄጄ ነበር። ደህና ናቸው፣ እዚያው መጋረጃው አጠገብ ነህ። እኔ ግን ይቅር ብለኸኝ ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነው የምውለው። ስለ አለማወቄ አይደለም የምልህ። ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ቀን ነው። ፊትህን ተርትሬ እንደገና ጠለፍኩ፣ ያን ቀን ግን የምተረትርበት መርፌ የለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ለእናትህ በጸሎት እንዳትነግርብኝ። ከመስቀሌ በፊት ጨርቁን በሩ ላይ ወደ ፀሐይ ዘርግቼ ሳነሳው፣ የድሮው መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን አሳለፈ። ጎበጥ የምትለዋ አፍንጫህ፣ የነከስከው ከንፈርህ፣ ወደ ውኃው ያየኸው ሁሉ በብርሃን ተጠልፎ እዚያው ነበር። እናትህ ጨርቁ የተበላሸ መሰላቸውና፣ እጠቢና ተኩሺው፣ ቀዳዳው ይደፈናል አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

አላጠብኩትም። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አላጥበውም።

ያንተው ሰናይት